የማላውቃት ልብስ ሰፊ የልኬት ደብተር

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው የቀድሞ ባለቤቱን ኑሮ ፍርፋሪም አብሮ መግዛቱ አይቀርም። ከቦንዳ በወጣ የሰልባጅ ኮት ኪስ ውስጥ ረግጠነው የማናውቀው አገር የአውቶቡስ ቲኬት ይገኛል፤ በአሮጌ መጽሐፍ ቅጠሎች መካከል ለማንም ያልተላከ ደብዳቤ ተጣጥፎ ይቆያል፤ ከቁም ሣጥን መሳቢያ ጀርባ የወደቀ ጉርድ ፎቶግራፍ ዓመታት አልፈውት ይወጣል። እንዲህ ያሉት ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ አጥብቆ የወደዳቸው አይደሉም። የወደዳቸውን ወይ ራሱ በክብር አኑሯቸዋል፣ ወይ ወራሾቹ ተካፍለዋቸዋል፤ ለባዕድ እጅ የሚተርፈው ዋጋ የለውም ተብሎ የታለፈው ነው። እኔ ግን አንድ የልብስ ስፌት መኪና ወደ ቤታችን ከገባ ወዲህ፣ ስለ ሰው ብዙ የሚናገረው ይኸው የታለፈው ክፍል ሳይሆን አይቀርም ወደሚለው ሐሳብ አዘንብያለሁ።

ባለቤቴ ልብስ ትሰፋለች። መብራት ሲጠፋ ሥራዋ እንዳይቆም በእግር የሚረገጥ መኪና ስትፈልግ ቆይታ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ አሮጌ የቤት ዕቃ ከሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ አንድ ሲንጀር አገኘን። ደሴ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ መግዛት ግን እንደ ቀድሞው ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከጥቅምት 2014 መጨረሻ አንሥቶ እስከ ኅዳር መጨረሻ ግድም፣ ደሴም ኮምቦልቻም በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር በነበሩበት ጊዜ፣ ከግለሰብ መኖሪያ ቤት እስከ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ ድረስ ብዙ ንብረት ተዘርፏል። ከዚያ ወዲህ የሰው ቤት ዕቃ መንገድ ዳር ተደርድሮ ሳይ፣ ዋጋውን ከመጠየቄ በፊት የማን እንደነበረ መጠየቅ ይቀናኛል። ነጋዴው በጥያቄዬ አልተቆጣም። አንዲት አሮጊት አርፈው ቤቱ ሲሸጥ በደላላ በኩል እንደመጣ ነገረን፤ ደላላውንም በስልክ አገናኘን፤ የሰጠን መልስም ከነጋዴው ቃል ጋር ገጠመ። ከሰፈሩ ስም በቀር ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረውም።

መኪናው የድሮ ነው። ከቀኝ እጁ በኩል፣ ከመሠረቱ ላይ፣ ሁለት የላቲን ፊደሎች ያሉት ቁጥር ታትሞበታል፤ የሲንጀርን ቁጥር ማንበብ የሚችል ሰው ከዚያ ብቻ መኪናው የት አገርና በየትኛው ዘመን እንደተሠራ ይነግርሃል። የእኛው ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ ከሚባለው ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ከተዘጋው ከትልቁ የሲንጀር ፋብሪካ የወጣ ሲሆን፣ ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር በ1940ዎቹ ውስጥ ይወድቃል። የእግር መርገጫው ብረት በአንድ በኩል ተበልቶ አንጸባርቋል። ባለቤቴ ገና እግሯን ስታሳርፍበት፣ «ይቺ ሰው ቀኝ እግሯን ነው አስቀድማ የምትጭነው» አለችኝ። ቺንጋውን ቀይረን፣ ዘይት አጠጥተን ስንሞክረው ያለ ምንም ችግር ሠራ።

መሳቢያዎቹን ስናወጣ ግን የልብስ ሰፊዋ ቤት ሳይጸዳ መሸጡን ተረዳን። ቁልፎች በአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተሞልተዋል። የተሰባበሩ መርፌዎች ሕፃን እንዳይወጉ ይመስላል በሰም ቁራጭ ላይ ተሰክተዋል። ቅዳጅ ለማስመር የምትጠቀምበት ስስ የሳሙና ስባሪ በከፋይ ጨርቅ ተጠቅልሏል። የአንዱ መሳቢያ ወለል በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ገጽ ተለብዷል፤ ጋዜጣው ቢጫ ሆኖ ሲነኩት ይፈረፈራል። በቁልፎቹ ሥር፣ በትንሽ የአቡጀዲ ከረጢት ውስጥ፣ ጥቂት የቀድሞ የ10 እና የ50 ብር ኖቶች ተጠቅልለው አገኘን። ገንዘቡ ዛሬ ምንም አይገዛም፤ በመስከረም 2013 የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው አዲሱ የ200 ብር ኖት ሲጨመር፣ አሮጌውን ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ 3 ወር ብቻ ነበር። ከዚህ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው፤ ያ ጊዜ ከማለፉ በፊት ይህን መሳቢያ የሚከፍት እጅ ጠፍቷል። አንድ ሰው መቼ እንደደከመ ወይም እንዳረፈ፣ ከሞት ምስክር ወረቀት ይልቅ ከተረሳ የብር ጥቅል ማወቅ ይቻላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከእነዚህ ሌላ አንድ መቁጠሪያ፣ አንድ የክር ማተብ፣ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ፣ አንድ የቅሬ (የእድር) መዋጮ ካርድ፣ በላስቲክ የተሸፈነ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት፣ በመጨረሻም አንድ ወፍራም ደብተር ነበር። መቁጠሪያውና ማተቡ በአንድ መሳቢያ ውስጥ መገኘታቸው ለወሎ ሰው እንቆቅልሽ አይደለም። በምስክር ወረቀቱ ላይ ያለውም ስም እንደዚያው ነው፤ የራሷ ስም ወደ መስጊድ፣ የአባቷ ስም ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመራ ነው። እዚህ ማንነቷን አልገልጥም፤ ዘመዶቿ በሕይወት አሉ።

አሁን ወደ ደብተሩ ልምጣ፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እርሱ ነው።

በእርግጥ አንድ ደብተር አይደለም። ጀርባቸው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ የታተመባቸውን ስስ የተማሪ ደብተሮች ደራርባ፣ በራሱ በመኪናው፣ በነጭ ክር፣ ከወገባቸው ላይ ሰፍታ አንድ አድርጋቸዋለች። ሽፋኑ ካኪ ጨርቅ ነው። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ስገልጥ የጠበቅሁት የልኬት ቁጥር ነበር፤ ያገኘሁት ግን ክር ነው። በያንዳንዱ ገጽ ላይ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ክሮች በአጭር አጭር ስፌት ተይዘዋል፤ ረጅሙ የቀሚሱ ቁመት፣ መካከል ላይ ቋጠሮ ያለበት የወገቡ ዙሪያ፣ አጭሩ የእጅጌው ልክ ነው። ይህን የፈታችልኝ ባለቤቴ ናት፤ ሜትር ማንበብ የማይችሉ የቀድሞ ሰፊዎች ልክ በክር ይወስዱ እንደነበር ከአያቷ ሰምታለች። አንዱን ክር ሜትር ላይ ብንዘረጋው 68 ሳንቲሜትር ሆነ። የትኛዋ ቀጭን ሴት ወገብ እንደነበር የሚታወቀው ከክሮቹ ራስጌ በእርሳስ በተሣለ ምልክት ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ የራሱ ሥዕል አለው። አንዱ ላይ ጀበና፣ ሌላው ላይ ዶሮ፣ ሌላው ላይ መሰላል፣ ሌላው ላይ ዓይን ብቻ ይታያል። ዋጋው ደግሞ በክብና በጭረት ተጽፏል፤ ክቡ 10 ብር፣ ጭረቱ 1 ብር ይመስላል። የተከፈለው በሰያፍ መስመር ተሰርዟል፤ ያልተከፈለው እንዳለ ቀርቷል።

የማንበብና የመጻፍ ዕድል ያላገኘች አንዲት ሴት ለራሷ የሠራችው ሙሉ የሂሳብ አያያዝ ነው ይህ። እኔ ራሴ በሂሳብ ሠራተኛነት እንጀራዬን የምበላ ሰው ስለሆንሁ ይሆናል ያን ያህል የደነቀኝ፤ ደንበኛ አለ፣ የሥራ ዓይነት አለ፣ ዋጋ አለ፣ ቀሪ ዕዳ አለ፤ የጎደለው ቀን ብቻ ነው።

ከደብተሩ ሢሦ ገደማ በኋላ አንድ ገጽ ይመጣል፤ ክርም ሥዕልም የለበትም። ገጹ ከላይ እስከ ታች በአንድ ስም፣ በራሷ ስም ተሞልቷል። የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ተጋድመዋል፤ አንዳንዱ ቅጥያው በተሳሳተ ወገን ወጥቷል፤ ወደ ታች እየወረደ ሲሄድ ግን ስሙ እየቆመ፣ እየጠነከረ ይመጣል። ምስክር ወረቀቱ የ1973 ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ተጀምሮ፣ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ፣ በዓለም አቀፍ ደረጃም የተሸለመ ሥራ እንደነበር በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ ስለ ደርግ ያለን አስተያየት ምንም ይሁን ምን፣ ይህን አንድ ገጽ ያየ ሰው ዘመቻው በአንዲት ሴት እጅ ላይ ያደረገውን ሊክድ አይችልም።

ፊደል ከመጣ በኋላ የሆነው ነው ደግሞ ይበልጥ የሚገርመው። ክሮቹ ወዲያው አልጠፉም። ለብዙ ገጾች፣ ምናልባትም ለዓመታት፣ ቁጥሩ ከክሩ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ «ቁመት 112» ብላ ትጽፍና በዚያው ልክ የተቆረጠውን ክር አጠገቡ ትሰፋዋለች። ያወቀችውን ፊደል ሙሉ በሙሉ አላመነችውም ማለት ነው፤ ወይም ቁጥሩን አታውቅበትም ብሎ የሚሞግታት ደንበኛ ነበረ። ባለቤቴ ሁለተኛውን ትላለች፤ ሰፊ ሆና ከደንበኛ ጋር የተጨቃጨቀች ሁሉ ይህን እንደምታምን ነገረችኝ። በመጨረሻ ክሩ ቀረ፤ ሥዕሎቹም ወደ ቃል ተለወጡ፤ ጀበናው «ባለ ጀበናዋ»፣ ዶሮው «የዶሮ ነጋዴዋ» ሆነ። ዓይኑ ግን ሥዕል እንደሆነ ቀረ፤ ምን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ሊገባኝ አልቻለም።

ከዚህ በኋላ ያሉት ገጾች ቀንና ዓመት አላቸው፤ የሰፈሩ ኑሮም በልክ ተጽፎ ይነበባል። ለመውሊድ፣ ለዒድ፣ ለገና፣ ለጥምቀት እየተባለ ሥራው በዓል በዓል ተከትሎ ይከማቻል፤ በመስከረም ዩኒፎርም ይበዛል። «የባለ ሻይ ቤቷ ልጅ» የተባለች አንዲት ተማሪ በየመስከረሙ ትመጣለች፤ የዩኒፎርሟ ቁመት በመጀመሪያው ዓመት 58 ነው፣ በሚቀጥለው 63፤ አንድ ዓመት ላይ ቁጥሩ ሳይለወጥ «ቅምቅማቱ ይፈታ» ብቻ ተብሎ ተጽፏል፤ አዲስ ጨርቅ አልተገዛም፤ የተረፈው ታጥፎ ከኖረው ጫፍ ላይ ተለቅቆ ተረዘመ። ልጆቻችን ዛሬ ዩኒፎርም በሦስት ወር ሲያጥርባቸው አዲስ ስለምንገዛ፣ ሰፊዎች ለምን ሰፊ ቅምቅማት ይተዉ እንደነበር ረስተነዋል።

በ1977 ያሉት ገጾች ጥቂት ናቸው። አዲስ ቀሚስ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል፤ ያለው «መጣፍ»፣ «መገልበጥ» እና «ማጥበብ» ነው። ወሎ በዚያ ዘመን ምን እንደደረሰበት ለደሴ አንባቢ አልነግርም። ገጾቹን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብሁት፣ የትልቅ ሰው ልብስ ለትንሽ እየጠበበ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አንዳንዱም እንዲያ ነው፤ «ለልጇ» ይላል። ባለ ጀበናዋ ግን የራሷን ቀሚስ ነው ያመጣችው። በ1975 ወገቧ 74 ነበር፤ በ1977 ጥር ላይ 66 ይላል። አጠገቡ የተጻፈ ምንም የለም፤ ዋጋውም የለም። ስለዚያ ረሃብ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ሥዕሉንም አይቻለሁ፤ በከተማ መካከል ቡና እየሸጠች ልብሷን ስለምታጠብብ ሴት ግን የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም።

ሌላው የሚደጋገም ቃል «ጥቁር» ነው። ለሐዘን የሚለበስ ጥቁር ቀሚስ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ያልገባኝ ከያንዳንዱ ጎን የተጻፈው «ሂሳብ የለም» የሚለው ነበር። አንድም ጥቁር ልብስ ላይ ዋጋ አላገኘሁም። የቅሬው ካርድ ያስፈለገኝም ለዚህ ነው። ወሎ ውስጥ ቅሬ ሌላው ዘንድ እድር የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር ሲሆን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በሰፈሩ ይገባበታል፤ መዝገቡም ከብዙ መሥሪያ ቤት መዝገብ የተሻለ ሰውን ያገኛል። ካርዱ ላይ ባለው ቁጥር የሰፈሩን የቅሬ ሰብሳቢ አፈላልጌ አገኘኋቸው፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ አዛውንት ናቸው።

ካርዱን ከማየታቸው አወቋት። «ከኮሮናው በፊት ነው ያረፈችው፤ እኛው ነን የቀበርናት» አሉኝ። ከዚያ ስለ ጥቁሩ ልብስ ጠየቅኋቸው።

«ምን መሰለህ ልጄ፣ ሴቶቹ ለቅሶ ሲደርስ እንጀራ ይጋግራሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ ንፍሮ ይቀቅላሉ። እሷ ድስት ጥዳ አታውቅም። ለሐዘንተኛው ጥቁር ልብስ አድራ ትሰፋለች፤ ሲነጋ ለብሶ ይወጣል። የሷ መዋጮ ያ ነበር።»

«ማን ወሰነው ጋሼ? ቅሬው ነው?»

«ማንም አልወሰነው። አንድ ጊዜ አደረገችው፤ ከዚያ በኋላ እንጀራ አምጪ ያላት የለም።»

በደብተሩ ላይ ያሉትን ጥቁር ልብሶች ከእሳቸው ጋር ሆነን አንድ በአንድ ስናልፍ፣ ሰውዬው ሟቹን ሁሉ ያስታውሳሉ፤ «ይቺ ባሏ በመኪና አደጋ ሐረጎ ላይ የሞተባት ናት»፣ «ይሄ የልጅ ሐዘን ነው» ይላሉ። ዓይን የተሣለባትን ገጽ ሳሳያቸው ሣቁ። ሰፈሩን ሁሉ የምትጠብቅ፣ ማን ገባ ማን ወጣ የምትል ጎረቤት ነበረች አሉኝ፤ ልብስ ሰፊዋ ስሟን በፊደል መጻፍ ከቻለች በኋላም ለእሷ ሥዕሉን አለመለወጧ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ስለ ፎቶግራፉ ብዙ የምለው የለኝም። ካኪ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት በፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት ቆሟል፤ ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ፣ 1969» ይላል። በደብተሩ ውስጥም ከሴቶችና ከልጆች ልክ መካከል አንድ የወንድ ሸሚዝ ልክ አለ፤ ትከሻ፣ ደረት፣ አንገት፣ እጅጌ ሁሉ ተሟልቶ ተጽፏል፤ መረከቡን የሚያሳይ መስመር ግን አልተሠረዘበትም። ሁለቱን አጋጥሞ ታሪክ መሥራት ቀላል ነው፤ ለወዳጆቼ ያሳየሁት ሁሉ ወዲያው ሠርቶታል። ይሁን እንጂ የሸሚዙ ገጽ በፊደልና በቁጥር ብቻ የተጻፈ፣ ክር የሌለበት ነው፤ ስለዚህ ፎቶግራፉ ከተነሣ ብዙ ዓመት በኋላ የመጣ ነው። ሰውየው ያው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። የማላውቃትን ሴት ካላገባቻቸው ሰዎች ጋር የመዳር ሥልጣን የለኝም። ሰብሳቢውም ፎቶግራፉን አገላብጠው አይተው «አላውቀውም» ብለው መለሱልኝ።

ቤተሰቧን ያገናኙኝ እሳቸው ናቸው። የወንድሟ ልጅ ኮምቦልቻ ይኖራል፤ በፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ያገኘነውን ሁሉ፣ የማይሠራውን ብር ሳይቀር፣ በካርቶን አድርጌ ሐረጎን ወርጄ ወሰድሁለት። አንድ በአንድ አወጣው። መቁጠሪያውንና ማተቡን ሳመና ለየብቻ በወረቀት ጠቀለላቸው። ምስክር ወረቀቱን ሲያይ እጁ ቆመ፤ አክስቱ ያቺን ወረቀት ግድግዳ ላይ እንድትሰቅላት ቤተሰቡ ሲለምናት፣ «እኔ ማንበቤን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ግድግዳው ምን ያደርግለታል» ትል እንደነበር ነገረኝ። መኪናውን ለመመለስም ጠይቄው ነበር። «አይሆንም፤ ቤቱን ስንሸጥ ከነዕቃው ነው የሸጥነው። ልብስ ሰፊ ቤት ከገባልን ሌላ ምን እንፈልጋለን?» አለኝ።

ደብተሩን ግን ከሁሉም በኋላ ከፍቶ፣ ጥቂት ገልጦ፣ የወንዱን ሸሚዝ ገጽም አይቶ («ያኔ እኔ ልጅ ነበርሁ፤ የኔ አይደለም» ብሎ) መልሶ ሰጠኝ። የቤተሰብ ንብረት ስለሆነ ሊይዘው እንደሚገባ ብነግረው አልተቀበለኝም።

«ይሄ የኛ አይደለም። የደንበኞቿ ነው» አለኝ። «ውስጡ ያለው የነሱ ወገብና የነሱ ዕዳ ነው። ከፈለክ ለነሱ አሳያቸው።»

በቃሉ መሠረት ደብተሩን ወደ ቀድሞ ሰፈሯ መልሼ ወሰድሁት፤ በሰብሳቢው ቤትም ለቅሬው ስብሰባ በመጡበት ቀን ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት ሆነ። አብዛኞቹ ደንበኞች በሕይወት የሉም፤ የመጡት ልጆቻቸው ናቸው። አንዲት ሴት የእናቷን ክር በጣቷ ለክታ ከራሷ ወገብ ጋር ስታስተያይ አየሁ፤ ሌላዋ ገጹን በስልኳ ፎቶ አነሣች። ክሮቹን ፈትቶ የመውሰድ ፍላጎት የነበረው አንድ ወጣትም ነበር፤ ሰብሳቢው ግን ከገጹ ላይ ምንም እንዳይነሣ አዘዙ፤ እኔም ደስ አለኝ፤ አንዱ ክር ከወጣ በኋላ ሌላውን የሚያስቆም አይኖርም።

ከሁሉ ዘግይተው የመጡት በምርኩዝ የሚሄዱ እናት ናቸው። የዶሮ ነጋዴዋ እሳቸው ናቸው፤ ከደብተሩ ሰዎች ራሳቸው ቆመው የመጡ ብቸኛዋ። ዓይናቸው ስለደከመ ገጻቸውን እኔ አነበብሁላቸው፤ ሽንሽን ቀሚስ፣ ቁመት 118፣ ለዒድ፣ ዋጋ 9 ብር፣ የተከፈለ 6።

«ቀሪስ?» አሉኝ።

«ቀሪ 3 ብር ይላል እማማ።»

«ወላሂ ከፍያታለሁ!» አሉ፤ ምርኩዛቸውን መሬቱ ላይ መትተው። «በሁለት ዶሮ ነው የከፈልኋት። አላህ ይዘንላትና ዶሮ ስትቀበል አትጽፍም ነበር። ሰርዘው!»

በሌላ ሰው ደብተር ላይ መጻፍ እንደማልችል ነገርኋቸው። ሰብሳቢውን ዘወር ብለው አዩ፤ እሳቸውም ጉዳዩን እንደ ቅሬ አቤቱታ ቆጥረው በቁም ነገር አሰቡበት፤ ምስክር አለ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ምስክሮቹ ሁሉ ሞተዋል። በመጨረሻ እርሳሱ ለእማማ ተሰጣቸውና በራሳቸው እጅ፣ ልብስ ሰፊዋ እንደምታደርገው ሁሉ፣ ከላይ ወደ ታች ሰያፍ መስመር ሠረዙበት፤ ከዚያም አጠገቡ «ሁለት ዶሮ» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቀው ሰብሳቢው ጻፉላቸው።